የትምህርት ቤት ወሰንና የተማሪዎች መቀላቀል፤ የሻርሎት ከተማ ታሪክ

ከልዩ ልዩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበን ወደ አንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባንበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ሳምንት እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የነበረው «ከየት ትምህርት ቤት መጣህ?» እያልን ነበር፡፡ መልሱ ስለ ልጁ ሠፈር፣ ስለ ወላጆቹ ኑሮ፣ አልፎ አልፎም ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይነግረን ነበር፡፡ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከየት እንደሚቀበል ማወቅ፣ በውስጡ ማን ከማን ጋር በአንድ ወንበር እንደሚቀመጥ ማወቅ ማለት ነው፡፡ ያን ጊዜ ይህን ሳናስተውለው ተምረነዋል፡፡

ተማሪው ከየት ይምጣ ብሎ የሚወስነው ማነው? በብዙ አገሮች መልሱ በካርታ ላይ የተሠመረች አንዲት መሥመር ናት፡፡ ይህችን መሥመር የትምህርት ቤት ወሰን፣ በውስጧ የሚገኘውንም ሠፈር የትምህርት ቤት ክልል ብለን እንጠራለን፡፡ እንዲሁም ገባር ወንዞች ትልቁን ወንዝ እንደሚሞሉት ሁሉ፣ ለሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ተማሪ የሚልኩትን የታችኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጋቢ ትምህርት ቤቶች እንላቸዋለን፡፡ ወሰኑ ሲለወጥ መጋቢዎቹ ይለወጣሉ፤ መጋቢዎቹ ሲለወጡ በላይኛው ትምህርት ቤት የሚገናኙት ልጆች ይለወጣሉ፡፡

ስለዚህ ጉዳይ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኖርዝ ካሮላይና የምትገኘውን የሻርሎት ከተማን ታሪክ መርጠናል፡፡ የመረጥንበትም ምክንያት፣ በዚህች ከተማ በሃምሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያው አንድ መሣሪያ፣ ማለት የትምህርት ቤት ወሰን፣ በመጀመሪያ ልጆችን ለመለየት፣ ቀጥሎ ለማገናኘት፣ በመጨረሻም መልሶ የሚለያይ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው፡፡ ነገሩም በፍርድ ቤት መዝገብ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፡፡

ሕጉ ወደቀ፣ መሥመሩ ቀረ

እስከ 1954 ድረስ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር፡፡ በዚህ ጊዜ ወሰን ማሥመር ብዙ አያስፈልግም፤ የልጁ የቆዳ ቀለም ራሱ ወሰን ነበርና፡፡ በሜይ 17 ቀን 1954 ግን የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል በተከራከሩበት በብራውን ጉዳይ፣ በዘር የተለያየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ነው ብሎ በአንድ ድምፅ ፈረደ፡፡ የኖርዝ ካሮላይና መንግሥት በ1955 ባወጣው ሕግ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የመመደቡን ሥልጣን ለየአካባቢው የትምህርት ቦርድ አስረከበ፡፡ እንዲህ በመሆኑ ጥቁር ወላጅ ክሱን በግዛቱ መንግሥት ላይ በአንድ ጊዜ ማቅረቡ ቀርቶ፣ ከየቦርዱ ጋር ለየብቻ መሟገት ግድ ሆነበት፡፡

በሴፕቴምበር 1957 በሻርሎት አራት ጥቁር ተማሪዎች ብቻ ወደ ነጮች ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተፈቀደላቸው፡፡ ከነዚህ አንዷ የ15 ዓመቷ ዶሮቲ ካውንትስ ነበረች፡፡ ወደ ሃርዲንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሄደችበት ቀን ሕዝብ ከብቦ ሰደባት፣ ተፋባት፣ ዕቃም ወረወረባት፡፡ ፎቶግራፏም በዓለም ጋዜጦች ታተመ፡፡ ልጅቷ አራት ቀን ከተማረች በኋላ ወላጆቿ ለሕይወቷ በመስጋት አስወጧት፡፡

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ጩኸቱ ያነሰ፣ ውጤቱ ግን ያላነሰ ነው፡፡ በ1960 የሻርሎት ከተማና በዙሪያዋ ያለው የመክለንበርግ አውራጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፡፡ አስተዳደሩ 550 ካሬ ማይል ያህል ስፋት ነበረው፡፡ ይህ መጠቃለል ያን ጊዜ የሥራ ማቃለያ ብቻ ይመስል ነበር፤ ኋላ ግን ለታሪኩ ሁሉ መሠረት ሆነ፡፡ በ1965 ቦርዱ ልጆችን በመኖሪያቸው ክልል እየመደበ፣ ለፈለገ ደግሞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወርን የሚፈቅድ ዕቅድ አወጣ፤ ፍርድ ቤትም አጸደቀው፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ ስለ ዘር አንዲት ቃል አይናገርም፡፡ ልጁ በሠፈሩ ይማር የሚል ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቅን ነገር አለን?

ዳሩ ግን ሠፈሩስ እንዴት ተሠራ? ከከተማው መካከል፣ ሰከንድ ዋርድ በተባለው ቀበሌ፣ ብሩክሊን የሚባል የጥቁሮች ሠፈር ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱም በዚያው ነበር፡፡ በ1960ዎቹ ዓመታት ሠፈሩ ከተማን ማደስ በሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ ጥቁሮች ወደሚኖሩባቸው ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ሠፈሮች ሄዱ፡፡ ነጮቹ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅና በከተማው ዳርቻ ሠፍረው ነበር፡፡ ስለዚህ ማንም ሰው በካርታው ላይ በቅንነት ክልል ቢያሠምር፣ መሥመሩ ቀድሞ በመንግሥትና በቤት ሻጮች እጅ የተሠራውን ልዩነት ተከትሎ ይሄዳል፡፡ ቀለምን የማያውቅ መሥመር ቀለምን የሚለይ ሥራ ሠራ ማለት ነው፡፡

ይህንንም ቍጥሩ ያስረዳል፡፡ በ1968–69 የትምህርት ዓመት በአስተዳደሩ ውስጥ 107 ትምህርት ቤቶችና ከ84,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩ፡፡ ከተማሪዎቹ መካከል 24,000 ያህሉ፣ ማለት ከመቶ 29ኙ፣ ጥቁሮች ነበሩ፡፡ ከነዚህም 14,000 ያህሉ ቢያንስ ከመቶ 99ኙ ተማሪዎች ጥቁሮች በሆኑባቸው 21 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይማሩ ነበር፡፡ የብራውን ፍርድ ከተሰጠ 14 ዓመት አልፎ ነበር፡፡

የስዋን ክስ

ዳሪየስ ስዋን በሕንድ አገር የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ ሻርሎት የተመለሱ ጥቁር ቄስ ነበሩ፡፡ ልጃቸው ጄምስ በሕንድ ያደገ ስለ ሆነ በቀለም መለየትን አያውቅም ነበር፡፡ በ1964 ወላጆቹ በቅርብ ወደሚገኘው፣ ነጮችና ጥቁሮች ወደሚማሩበት ወደ ሴቨርስቪል ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ቢወስዱት፣ የተመደበው ጥቁሮች ብቻ በሚማሩበት በቢድልቪል ነው ተባሉ፡፡ እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ፡፡ «ልጅ በቅርቡ ይማር» የሚለው ደንብ ለዚህ ልጅ አልተጠበቀለትም፤ መሥመሩ የተሠመረው ለርቀት ተብሎ ብቻ አልነበረምና፡፡

በጃንዋሪ 1965 ስዋንና ሌሎች ወላጆች ቦርዱን ከሰሱ፤ ጠበቃቸውም ጁሊየስ ቼምበርስ የተባሉ ወጣት ጥቁር የሕግ ዐዋቂ ነበሩ፡፡ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የቼምበርስ ቤት በቦምብ ተመታ፤ በ1971ም ቢሮአቸው ተቃጠለ፡፡ ጠበቃው ግን ክርክሩን አላቋረጡም፡፡

ክሱ በመጀመሪያ ተሸነፈ፡፡ በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ ቦርዶች መከልከልን መተው ብቻ ሳይሆን ልዩነቱን በሥራ ማጥፋት አለባቸው ብሎ ከፈረደ በኋላ ግን ክሱ እንደ ገና ተቀሰቀሰ፡፡ ነገሩ የቀረበላቸው የፌዴራል ዳኛ ጄምስ ማክሚላን ራሳቸው የኖርዝ ካሮላይና ተወላጅ ናቸው፡፡ ማስረጃውን ከመረመሩ በኋላ በኤፕሪል 1969 የሠፈሩ አሠራርና የትምህርት ቤቶቹ መለያየት ከመንግሥት ሥራ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ቦርዱ ሌላ ዕቅድ ያቅርብ ሲሉ አዘዙ፡፡ ከዚህም የተነሣ ብዙ ዛቻ ደረሰባቸው፡፡

ወሰኑ እንዴት ተሠመረ?

ቦርዱ ያቀረባቸው ዕቅዶች ዳኛውን ስላላረኩ፣ በዲሴምበር 1969 ዶክተር ጆን ፊንገር የተባሉ የትምህርት ዐዋቂ ተሾሙ፡፡ የሥራውን ዘዴ ማወቅ ለጉዳያችን ዋና ነገር ስለ ሆነ ባጭሩ እንገልጻለን፡፡

አንደኛ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክልሉ እንደ ተቈረሰ ድፎ ዳቦ ሆኖ ተሠመረ፡፡ ጫፉ በከተማው መካከል ካሉት የጥቁሮች ሠፈሮች ይጀምርና እየሰፋ ሄዶ በዳርቻ የሚገኙትን የነጮች ሠፈሮች ይይዛል፡፡ ክልሎች ዙሪያውን እንደ ቀለበት ቢሠመሩ መሐሉን ከዳር ይለያሉ፤ ከመሐል ወደ ዳር ቢሠመሩ ግን ያገናኛሉ፡፡ የከተማው ካርታ ያው ነው፤ የተለወጠው የመሥመሩ አቅጣጫ ብቻ ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ለመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ የተነጠሉ ክልሎች ተፈጠሩ፡፡ ይኸውም በከተማው መካከል የሚገኝ አንድ የጥቁሮች ሠፈር፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ባይዋሰንም፣ በዳርቻ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት መጋቢ እንዲሆን ተደረገ፡፡

ሦስተኛ፣ በአንደኛ ደረጃ በዳርቻ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት የነጮች ትምህርት ቤቶች ከመካከለኛው ከተማ አንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ጋር ተጣመሩ፡፡ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ጥቁር ልጆች ወደ ዳርቻ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ነጭ ልጆች ደግሞ ወደ መሐል ይመጣሉ፡፡

ይህ ዕቅድ በ1970 መኸር ሥራ ላይ ዋለ፡፡ በኤፕሪል 20 ቀን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ዋረን በርገር ጸሓፊነት፣ በአንድ ድምፅ አጸናው፡፡ የፍርዱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ያለፈ በደል ባይኖር ልጅን በቅርቡ መመደብ መልካም ነው፤ በደል ካለ ግን ለበደሉ መፈወሻ ሲባል ወሰኑን ማጣመም፣ አውቶቡስም መጠቀም ይቻላል፡፡

በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው የጮኸው በአውቶቡሱ ላይ ነው፡፡ ነገር ግን በፍርዱ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ነገር አለ፡፡ ከዕቅዱ በፊት ሻርሎት በየቀኑ 23,600 ተማሪዎችን በአውቶቡስ ታመላልስ ነበር፤ የአንድ መንገድ ርቀቱም በአማካይ 15 ማይል፣ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር፡፡ በአዲሱ ዕቅድ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ርቀቱ በአማካይ 7 ማይል፣ ጊዜውም ቢበዛ 35 ደቂቃ ነበር፡፡ አውቶቡስ ልጆችን ሲለይ ዝም የተባለ ሰው፣ ሲያገናኝ ጮኸ ብንል ከእውነት አንርቅም፡፡

ጭነቱን የተሸከመው ማነው?

ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሓፊ የወደደውን ወገን ብቻ ማመስገን አይገባውም፡፡ ከላይ የጻፍነውን ሦስተኛውን ዘዴ አንባቢ እንደ ገና ይመልከተው፡፡ ጥቁሩ ሕፃን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ ማለት አራት ዓመት፣ ገና በትንሽነቱ ከሠፈሩ ይወጣል፤ ነጩ ልጅ ግን አድጎ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ይወጣል፡፡ የበደሉ መፈወሻ የተጫነው በአብዛኛው በተበደለው ወገን ትከሻ ላይ ነበር፡፡

ከዚህም ሌላ ቦርዱ በ1969 ሰባት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፡፡ በ1923 የተከፈተው፣ የከተማው የመጀመሪያ የጥቁሮች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነው ሰከንድ ዋርድም በዚሁ ዓመት ተዘጋ፡፡ ሠፈሩ ብሩክሊን ፈርሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ጠፋ፡፡ አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋር እኩል ይሁን ተብሎ የራሱ የሆነውን ሲያጣ፣ ያ እኩልነት ምን ያህል የተሟላ ነው? ይህን ጥያቄ የሻርሎት ጥቁር ወላጆች ያን ጊዜ ጠይቀዋል፤ ዛሬም መልስ ይፈልጋል፡፡

በ1974 ግን አንድ መልካም ነገር ተደረገ፡፡ የከተማው ነዋሪዎች ያቋቋሙት አማካሪ ቡድን ጭነቱ በሀብታሞቹም ሠፈር ላይ እንዲደርስ ጠየቀ፡፡ በዚህም የደቡብ ምሥራቅ ባለጸጎች ልጆች፣ በ1938 ለጥቁሮች ተከፍቶ ወደ ነበረው ወደ ዌስት ሻርሎት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ፡፡ ትምህርት ቤቱም ሳይዘጋ፣ ስሙንም ሳይለውጥ፣ የነጮችና የጥቁሮች የጋራ ትምህርት ቤት ሆኖ ታወቀ፡፡ በዚያው ዓመት የቦስተን ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ በሁከት ስትናወጥ፣ የዌስት ሻርሎት ተማሪዎች የቦስተን ተማሪዎችን ጋብዘው አኗኗራቸውን አሳዩአቸው፡፡ በ1975ም ዳኛ ማክሚላን ጉዳዩ ተፈጽሟል ብለው መዝገቡን ዘጉ፡፡

ለምን በሻርሎት ተቻለ?

ይህን ለመረዳት ሻርሎትን ከዲትሮይት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፡፡ በዲትሮይት ከተማውና ዳርቻው በልዩ ልዩ የትምህርት አስተዳደሮች የተከፋፈሉ ነበሩ፡፡ የፌዴራል ዳኛው ስቲቨን ሮት በ1972 ከተማውን ከ53 የዳርቻ አስተዳደሮች ጋር የሚያጠቃልል ዕቅድ እንዲዘጋጅ አዘዙ፡፡ ነገር ግን በጁላይ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ዳርቻዎቹ በደሉን እንደ ፈጸሙ እስካልተረጋገጠ ድረስ የአስተዳደር ወሰን ሊታለፍ አይገባም ብሎ ሻረው፡፡ ያን ጊዜ ዳኛ ሆነው የነበሩት ቱርጉድ ማርሻል ፍርዱን ተቃውመው ጽፈዋል፡፡

እንግዲህ በዲትሮይት ከጥቁሮች ጋር ልጁን ማስተማር ያልፈለገ ነጭ ወላጅ ወሰኑን ተሻግሮ ቤት መግዛት ብቻ በቂው ነበር፡፡ በሻርሎት ግን በ1960 የተደረገው መጠቃለል ከተማውንና ዳርቻውን በአንድ አጥር ውስጥ አስገብቶ ስለ ነበር፣ ከዕቅዱ ለመሸሽ ከአውራጃው መውጣት ወይም ለግል ትምህርት ቤት መክፈል ያስፈልግ ነበር፡፡ የሻርሎት ሰዎች ከዲትሮይት ሰዎች ይልቅ ደጎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ትልቁ ወሰን ሰፊ ስለ ነበረ፣ ትንንሾቹን ወሰኖች በውስጡ ማስተካከል ተቻለ፡፡

መሥመሩ ተመለሰ

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሻርሎት በባንክና በንግድ እየበለጸገች ሄደች፤ የሠላሳ ዓመቱን ታሪክ የማያውቁ ብዙ አዲስ ነዋሪዎችም መጡ፤ ዳርቻዎቹም እየራቁ ሄዱ፡፡ በ1992 ቦርዱ የማጣመሩን ዘዴ እየቀነሰ፣ ልዩ ትምህርት የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶችን ከፍቶ ተማሪዎችን በምርጫ ለመሳብ ሞከረ፤ ለየዘሩም የቦታ ድርሻ መደበ፡፡ በ1997 አንድ ነጭ ወላጅ ልጄ በቀለሟ ምክንያት ቦታ ተከለከለች ብለው ከሰሱ፡፡ በ1999 ዳኛ ሮበርት ፖተር የጥንቱ በደል ተፈውሷል፣ ስለዚህ ቦርዱ ልጆችን በዘር አይመድብ ብለው ፈረዱ፡፡ ፍርዱም በ2001 በይግባኝ ጸና፤ በኤፕሪል 2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ፡፡

ክልሎቹ እንደ ገና ተሠመሩ፡፡ ከተማሪዎቹም ግማሽ ያህሉ አዲስ ምድብ ደረሳቸው፡፡ ሠፈሮቹ ተለያይተው የኖሩ ስለ ነበሩ፣ «ልጅ በሠፈሩ ይማር» የሚለው የ1965 ደንብ ሲመለስ የ1965ም ውጤት አብሮ መመለስ ጀመረ፡፡ ዌስት ሻርሎትም በአብዛኛው የድኾች ጥቁሮች ልጆች ብቻ የሚማሩበት ሆነ፡፡

በ2014 ሦስት የኤኮኖሚ ሊቃውንት ስለዚሁ ለውጥ ያወጡት ጥናት አለ፡፡ ዘዴአቸው ለኛ ትምህርት የሚሰጥ ነው፡፡ በአንድ ሠፈር የሚኖሩ፣ ነገር ግን አዲሱ መሥመር በመካከላቸው ያለፈ ልጆችን አስተያዩ፡፡ ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎች ወደ በዙባቸው ትምህርት ቤቶች የተመደቡት ልጆች፣ ነጭም ቢሆኑ ጥቁር፣ በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ያገኙት ውጤት ዝቅ ያለ ሆነ፤ ነጭ ካልሆኑት ወንዶች ልጆች መካከል ደግሞ በወንጀል የሚያዙት በብዙ ጨመሩ፡፡ አስተዳደሩ ለነዚህ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ቢሰጥም በዘሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ፡፡ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ መንገድ በመካከላቸው፤ መሥመሩ አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ አደረገው፡፡

በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሲያትልና በሉዊቪል ጉዳይ አንድን ልጅ በዘሩ ብቻ መመደብን ከለከለ፡፡ ይሁን እንጂ ለብዙኃኑ ድምፅ አምስተኛ የሆኑት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ለብቻቸው በጻፉት ሐሳብ፣ የአዲስ ትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥና ክልል ሲሠመር የሠፈሮችን ነዋሪ ማሰብ አልተከለከለም ብለዋል፡፡ ስለዚህ ዋናው መሣሪያ ዛሬም ያው ወሰን ነው፡፡

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን፡፡ መጀመሪያ፣ ከማንም ወገን ያልሆነ ወሰን የለም፤ ዝም ብሎ ርቀትን የሚከተል የሚመስለውም መሥመር ከሱ በፊት ሠፈሩን የሠሩትን ሰዎች ውሳኔ ይከተላል፡፡ ሁለተኛ፣ ወሰኑን ማስተካከል ይቻላል፤ ሻርሎት አሳይታለች፡፡ ነገር ግን ጭነቱ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ካልታየ፣ ፍትሕ ራሱ ሌላ በደል ይወልዳል፡፡ ሦስተኛ፣ የተስተካከለ ወሰን ራሱን አይጠብቅም፤ ለምን እንደ ተሠመረ የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ ይመለሳል፡፡

የአገራችን ሁኔታ ከሻርሎት የተለየ ስለ ሆነ ፍርዱን እንዳለ ወስደን በራሳችን ላይ ልንለጥፈው አንችልም፡፡ ጥያቄው ግን ሊወሰድ ይችላል፡፡ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የመዝገብ ክፍል ውስጥ ተማሪው ከየትኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ መጣ የሚናገሩ መዝገቦች ይገኛሉ፡፡ እነዚህን ያለ ጥድፊያ አገላብጦ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ለየትኛው መጋቢ እንደ ሆነና ይህም ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደ ተለወጠ የሚጽፍ ተማሪ ቢገኝ፣ ለመምህራኑም ለአገሩም ጠቃሚ ሥራ ይሆናል፡፡ እኛም በመጪው ዓመት ተምረን ከወጣንበት ትምህርት ቤት ለመጀመር አስበናል፤ ሊተባበሩን የሚፈልጉ ጓደኞቻችን ቢኖሩ በደስታ እንቀበላለን፡፡